በሪችመንድ ሜዳ በባሕር ዛፎች መካከል የሆነው ነገር ዜና

በ1850 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በ22ኛው ዓመት፣ በስሟ በተጠራው የአውስትራሊያ ግዛት በሜልበርን ከተማ የሆነውን እንጽፋለን።

ሜልበርን ከተቆረቆረች ገና 23 ዓመቷ ነበር። በፈረንጆች 1851 በግዛቱ ወርቅ ከተገኘ ወዲህ ግን ሕዝብ ከባሕር ማዶ እንደ ክረምት ጎርፍ ገባባት። የድንኳን ሰፈር የነበረው የድንጋይ ቤት ሆነ፤ ባንክ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ቆመ። ድንጋይ ጠራቢዎቿ በ1856 መዶሻቸውን ጥለው ሰልፍ ወጡ፤ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አንሠራም ብለውም አሸነፉ። በሌላው ዓለም ሠራተኛ ከንጋት እስከ ምሽት ሲደክም የሜልበርን ሰው ለጨዋታ የሚተርፍ ጊዜ አገኘ። የዚህ ዜና ሥሩ ከዚህ ላይ ነው።

ምድሪቱ ግን ባለቤት ነበራት። በያራ ወንዝ ዳር ከጥንት የሚኖሩ፣ ከኩሊን ሕዝብ ወገን የሆኑ ዉሩንድጄሪ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ሪችመንድ የተባለውም ሜዳ የእነርሱ መሰብሰቢያና መስፈሪያ ነበር። ቅርፊታቸውን የላጡባቸው የባሕር ዛፎች ጠባሳቸውን ይዘው እስከ ዛሬ በዚያ ቆመዋል። ባሕር ዛፍ ያልነው ያው እኛ የምናውቀው፣ ከዚያ አገር ወደ እኛ የመጣው የዛፍ ወገን ነው።

ቶም ዊልስ የተወለደው ከተማይቱ በተቆረቆረችበት በዚያው በፈረንጆች 1835 ዓመት ነው። አባቱ ሆራሺዮ በምዕራብ ቪክቶሪያ፣ በግራምፒያንስ ተራሮች አጠገብ፣ ብዙ በግ የሚያረባ ባለጸጋ ነበረ። በአካባቢው ሌላ የነጭ ልጅ እምብዛም ስላልነበረ ብላቴናው ጃብ ዉሩንግ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ልጆች ጋር አብሮ አደገ፤ ቋንቋቸውን ተማረ፣ ዘፈናቸውንም ዘፈነ። በነባሩ ሕዝብ ዘንድ ማርን ግሩክ የተባለ ጨዋታ ነበረ። ፖሰም ከሚባል በዛፍ ላይ ከሚኖር አውሬ ቆዳ የተሠራች ኳስ ወደ ሰማይ ይጠልዛሉ፤ ከሁሉ በላይ ዘሎ በአየር ላይ የቀለባትም ይመሰገናል። ቶም ከዚህ ጨዋታ ወስዷል፣ አልወሰደም እያሉ የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በጽሑፍ የቆየ ምስክር የለምና። እኔ ግን ከእነዚያ ልጆች ጋር ያደገ ሰው ከሜዳቸው ባዶ እጁን ወጣ ለማለት አልደፍርም።

በ14 ዓመቱ አባቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ራግቢ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ሰደደው። በዚያም የክሪኬት ቡድን አምበል ሆነ፤ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን፣ ቅልጥም በጫማ የሚረግጡበትንም የዚያን ትምህርት ቤት የኳስ ጨዋታ ለመደ። በ1856 መጨረሻ ወደ አገሩ ሲመለስ በግዛቱ ከእርሱ የሚበልጥ የክሪኬት ተጫዋች አልተገኘም።

ክሪኬት የበጋ ጨዋታ ነው። የአውስትራሊያም ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀዝቃዛና ዝናባም ነው። ቶም ዊልስም ተጫዋቾቹ በክረምት ሥራ ፈትተው ሲወፍሩና ሲሰንፉ አየና ሐምሌ 4 ቀን፣ በፈረንጆች ጁላይ 10፣ ቤልስ ላይፍ ኢን ቪክቶሪያ ለተባለው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። የእግር ኳስ ማኅበር ይቋቋም፣ ይህ ባይሆን ወጣቶች ተኩስ የሚለማመዱበት የጠመንጃ ማኅበር ይሁን፣ ሰውነታችን ግን አይዘን የሚል ነበር ቃሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 25 ቀን ቅዳሜ፣ በፈረንጆች ጁላይ 31፣ ሰዎች በሪችመንድ ሜዳ ተሰበሰቡ። ኳሱን ያቀረበው በአቅራቢያው የፓሬድ ሆቴል ባለቤት የነበረው ጄሪ ብራያንት ነው፤ እርሱም ክሪኬተኛ ነበር። በዚያን ቀን ሕግ የሚባል የተጻፈ ነገር አልነበረም። በአንዱ ትምህርት ቤት የተማረው ኳሱን በእጁ ይዞ ይሮጣል፤ በሌላው የተማረው ይህ ነውር ነው ብሎ ይጮኻል። ዛፎቹም በሜዳው መካከል እንደ ተጨማሪ ተጫዋች ቆመው ነበር።

ነሐሴ 2 ቀን፣ በፈረንጆች ኦገስት 7፣ ስኮች ኮሌጅና ሜልበርን ግራመር የተባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተጋጠሙ። ከየወገኑ 40 ተጫዋች ወጣ። በሁለቱ ጎሎች መካከል የነበረው ርቀት ግማሽ ማይል ያህል ሆነ፤ ይኸውም 800 ሜትር ገደማ ነው። ዳኞቹ ቶም ዊልስና ጆን ማካዳም ነበሩ። ማካዳም የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ትውልዱ ከስኮትላንድ የሆነ ሐኪም ነው፤ ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ማካዳሚያ የተባለው ለውዝ መሰል ፍሬ በእርሱ ስም ተጠርቷል። በእነዚያ ዛፎች መካከል 80 ተጫዋቾች እስኪጨልም ተራወጡ፤ ጭቃ ለበሱ፤ ከየወገኑ አንድ አንድ ጎል ብቻ ተቆጠረ። ያልተፈረደ ነገር እንዴት ይቀራል ተባለና ነሐሴ 16፣ በእኛ ዘንድ የፍልሰታ በዓል በሚውልበት ቀን፣ እንደገና ወጡ፤ አሁንም አልተሸናነፉም። ነሐሴ 30 ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ። ያም ቀን ያለ ጎል መሸ፤ ግጥሚያውም እኩል ለእኩል ተባለ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይጋጠማሉ።

ዘመነ ማርቆስ አልፎ ዘመነ ሉቃስ ገባ። በ1851 ዓመተ ምሕረት ግንቦት 7 ቀን የሜልበርን እግር ኳስ ክለብ ሹማምንቱን መረጠ፤ ግንቦት 10 ቀን፣ በፈረንጆች ሜይ 17 ቀን 1859፣ ከእነርሱ ጥቂቶቹ በብራያንት ሆቴል ተቀምጠው ሕግ ጻፉ። ዋነኞቹ ዊልስ፣ ዊልያም ሀመርስሊ፣ ጄምስ ቶምሰንና ቶማስ ስሚዝ ናቸው። ሀመርስሊና ቶምሰን በካምብሪጅ የተማሩ ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ስሚዝ ከአየርላንድ የመጣ መምህር ነው። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶችን፣ የራግቢን፣ የኢተንን፣ የሃሮውንና የዊንቸስተርን፣ ሕግ መረመሩ። ዊልስ ወደ ራግቢው ያዘነብል ነበር፤ ሌሎቹ ግን ውስብስብነቱን ጠሉት። ቅልጥም መርገጥንም አልፈለጉም፤ እነርሱ ልጆች አልነበሩም፣ ሰኞ ወደ ሥራቸው የሚገቡ ሰዎች ነበሩ፤ የሜልበርን መሬትም ጠንካራ ነውና የወደቀ ይሰበራል።

ሕጎቹ አሥር ሆኑ። ጎል የሚባለው ኳስ ቋሚውንም ሆነ የማንንም ገላ ሳይነካ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ተጠልዞ ሲያልፍ ነው። ከእግር የወጣን ኳስ በቀጥታ በአየር ላይ የቀለበ ሰው ማርክ ብሎ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ማንም አይነካውም፤ በነጻ ይጠልዛል። ኳስ ከመሬት በእጅ አይነሣም፤ በእጅ የሚያዘው ከእግር ሲቀለብ ወይም ነጥሮ ሲነሣ ብቻ ነው። በምንም ምክንያት በእጅ አይወረወርም። የሚሮጠውን ጠልፎ መጣልና መግፋት ተፈቀደ፤ መርገጥ ግን ተከለከለ። ጠልፎ መጣሉም ብዙ ሳይቆይ ተሻረ። በሁለቱ ጎሎች መካከል ያለውን ርቀት አምበሎቹ ይወስኑ ተባለ፤ የተጫዋቹ ቁጥር ስንት እንደሚሆን አንድም ቃል አልተጻፈም። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ያልጻፉት ሌላ ነገር ነው፤ ከጨዋታ ውጪ የሚባል ሕግ አላኖሩም። ሰው በሜዳው ሁሉ፣ ከባላጋራው ኋላም ቢሆን፣ እንደ ወደደ መቆም ቻለ። ይህ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ከእንግሊዝ ጨዋታዎች የተለየው በዚህ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኳስ ወደ ሰማይ የሚላከው፣ ሰውም ለመቅለብ በሰው ትከሻ ላይ የሚዘለው ሜዳው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ነው። ዓለም ዛሬ የሚጫወተው እግር ኳስ ሕጉ በለንደን የተጻፈው ገና ከአራት ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆች 1863 ነው። ያ የአሥሩ ሕግ የእጅ ጽሑፍ በሜልበርን ክሪኬት ክለብ ዘንድ ተጠብቆ ይገኛል።

በዚያው በ1859 የጂሎንግ ክለብ ተመሠረተ፤ ጨዋታውም በየሰፈሩና በየወርቅ ማውጫው ተስፋፋ። በ1866 የዊልስ ዘመድ ሄንሪ ሃሪሰን ሕጎቹን ሲያድስ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው በየአምስትና በየስድስት ያርዱ መሬት እንዲያነጥረው ተደነገገ። ማኅበራት ተሰባስበው አንድ የግዛት ፌዴሬሽን ያቆሙት በ1877 ነው።

ቶም ዊልስ ግን ያን ሁሉ በደስታ አላየውም። በ1861 ከአባቱ ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ኩዊንስላንድ ሄደው በአዲስ መሬት ሰፈሩ። ኦክቶበር 17 ቀን ነባሮቹ ነዋሪዎች ሰፈሩን ወርረው አባቱን ጨምሮ 19 ሰው ገደሉ፤ ሌላ ነጭ ሰፋሪ ስላፈሰሰው ደም የተወሰደ በቀል እንደ ነበረ ይታመናል። ቶም ስንቅ ሊያመጣ ርቆ ስለ ነበረ ተረፈ። ፖሊሶችና ሰፋሪዎች በተራቸው ከዚያ እጅግ የሚበልጥ የነባሩን ሕዝብ ነፍስ አጠፉ። ይህን ደም ከጨዋታው ዜና ለይቼ ልጽፈው አልቻልሁም፤ ያው ሰው ነውና በሁለቱም ውስጥ ያለው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1866 የፈረንጆች ገና ማግስት፣ ዊልስ ከምዕራብ ቪክቶሪያ የመጡ የነባሩ ሕዝብ ክሪኬተኞችን አሰልጥኖ፣ አምበላቸውም ሆኖ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ በሺዎች ፊት አሰለፋቸው፤ ይኸውም በዚያው በሪችመንድ ነው። አባቱ በነባሩ ሕዝብ እጅ የሞተበት ሰው በልጅነቱ በተማረው ቋንቋ ያነጋግራቸው ነበር።

በኋላም መጠጥ አደከመው፣ ሕመምም በረታበት። በ1880 ሜይ 2 ቀን፣ በ44 ዓመቱ፣ በሜልበርን ዳርቻ በሃይደልበርግ በገዛ እጁ ሞተ። በመቃብሩ ላይ ምልክት አልተደረገም፤ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመለት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980 ነው።