ጅግራ በጋምቤላ ክልል፦ የዕለት ውሎ፣ የመራቢያ ወቅትና አደንን የሚመለከቱ ጉዳዮች

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በጋምቤላ ከተማና በክልሉ ወረዳዎች ለሚኖሩ አርሶ አደሮች፣ የአደን ፈቃድ ለሚጠይቁ ተገልጋዮችና ክልሉን ለሚጎበኙ እንግዶች ነው። የጅግራን የዕለት እንቅስቃሴ፣ በዝናብ መግቢያ ወቅት የሚታየውን የባሕርይ ለውጥ፣ እንዲሁም አደንን የሚመለከቱ ዋና ዋና የሕግ ነጥቦችን ይዟል።

የጅግራ ውሎ ከቀን ወደ ቀን እምብዛም አይለወጥም። የሚያድርበት ዛፍ፣ ውኃ የሚጠጣበት ዳርና የሚለቅምበት ሜዳ በአካባቢው ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። አርሶ አደሩ ማሳውን በትክክለኛው ሰዓት እንዲጠብቅ፣ ጎብኚውም ወፉን በቀላሉ እንዲያይ የሚያስችለው ይኸው ነው። ሆኖም አንድን መንጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለማጥፋት የሚያስችለውም ይኸው መደበኛነት በመሆኑ፣ የወፉን ሰዓት ማወቅ ከኃላፊነት ጋር ሊሆን ይገባል።

ስለ ጅግራ በአጭሩ

ጅግራ ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በስፋት የሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜውን በምድር ላይ የሚያሳልፍ ወፍ ነው። አንድ ያደገ ጅግራ በአማካይ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ግራጫ ላባው በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ሲሆን፣ ፊቱና አንገቱ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ፣ አናቱ ደግሞ ቀንድ መሰል አጥንት አለው። ቆቅ ከጅግራ በመጠን የሚያንስና የተለየ ወፍ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

የሳይንሳዊ ስሙ ኑሚዳ ሜሌያግሪስ ሲሆን፣ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰየመው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ ነው። ሊኒየስ የአሜሪካውን የዱር ተርኪ ሜሌያግሪስ ጋሎፓቮ ብሎ ስለሰየመው ሁለቱ ወፎች ስም ይጋራሉ። የሚጋሩት ግን ስም ብቻ አይደለም። ሁለቱም ቀን በምድር ላይ ይለቅማሉ፣ ሌሊት በዛፍ ላይ ያድራሉ፣ ጎጇቸውንም መሬት ላይ ይሠራሉ።

የጅግራ ውሎ በሰዓት

ጋምቤላ በአገሪቱ ምዕራባዊ ጫፍ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትወጣባትም የምትጠልቅባትም ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ዘግይታ ነው። ለምሳሌ ከድሬዳዋ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይደርሳል። በከተማዋ ፀሐይ እንደ ወራቱ ከጠዋቱ 12፡20 እስከ 1፡00 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ከምሽቱም 12፡20 እስከ 1፡00 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ጅግራ የሚመራው በሰው ሰዓት ሳይሆን በብርሃን ስለሆነ የሚከተሉት ሰዓቶች በዚሁ መሠረት ሊታዩ ይገባል።

*ንጋት፦* ጅግሮች ገና በዛፍ ላይ ሳሉ መጮህ ይጀምራሉ። ብርሃን በደንብ ሲገልጥ አንድ በአንድ ይወርዱና ከዛፉ ሥር ይሰባሰባሉ።

*ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፦* ዋናው የመመገቢያ ጊዜ ነው። በበጋ ወራት ብዙውን ጊዜ ተራ ይዘው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ወደ ውኃ ይሄዳሉ፤ ከዚያም ሜዳ ላይ ተበትነው የሣር ዘርና ሥራ ሥር፣ ምስጥ፣ አንበጣና ሌሎች ነፍሳትን ይለቅማሉ።

*ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፦* ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ፍለጋ ወደ ቁጥቋጦ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ያርፋሉ፣ ላባቸውን ያበጥራሉ፣ በደረቅ አፈር ውስጥ እየተንከባለሉ ገላቸውን ከተባይ ያጸዳሉ። ሙቀቱ እጅግ በሚበረታባቸው የካቲትና መጋቢት ይህ የዕረፍት ጊዜ ሊረዝም ይችላል።

*ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ፦* ሁለተኛው የመመገቢያ ጊዜ ነው። ወደ ማደሪያቸው እየተጠጉ ይለቅማሉ፤ አንዳንድ መንጋዎችም ዳግመኛ ውኃ ይጠጣሉ።

*ምሽት፦* ጨለማ ሳይዝ በየተራ እየበረሩ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ያልተረበሹ መንጋዎች ወደ ቀደመው ዛፍ ደጋግመው ይመለሳሉ።

ጅግራ አደጋ ሲያይ በመጀመሪያ የሚመርጠው መሮጥን ነው፤ የሚበረው ሲቸግረው ሲሆን፣ በረራውም አጭር ነው። በመንጋው ውስጥ አንዱ አደጋ አይቶ ሲጮህ ሁሉም ይነቃሉ። ስለሆነም የጅግራ ያልተለመደ ጩኸት ለእረኛና ለመንገደኛ አውሬ ወይም እባብ መኖሩን የሚጠቁም ምልክት ሊሆን ይችላል።

በጋና ክረምት

በጋምቤላ ቆላማ ክፍል ዋናው የዝናብ ወቅት በአብዛኛው ከሚያዝያ መጨረሻ ወይም ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በበጋ ውኃ የሚገኘው በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳርና በቀሪ ኩሬዎች አካባቢ በመሆኑ፣ ጅግሮች በዚያ በብዛት ይሰባሰባሉ። በዚህ ጊዜ በአንድ ስፍራ ብዙ ወፍ መታየቱ ቁጥራቸው መጨመሩን አያመለክትም፤ ውኃው ከየአቅጣጫው ስለሰበሰባቸው ነው።

ዝናቡ ሲጀምር መንጋው ይበተናል፤ ተባዕትና እንስት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለያያሉ። እንስቷ በሣር ወይም በቁጥቋጦ ሥር መሬቱን ጥቂት ጭራ እንቁላል ትጥላለች። እስከ 12 የሚደርሱ እንቁላሎችን በአንድ ጎጆ ማግኘት የተለመደ ሲሆን፣ ከአንድ በላይ እንስቶች በአንድ ጎጆ ሲጥሉ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል። ጫጩቶች የሚፈለፈሉት ከ26 እስከ 28 ቀናት ታቅፋ ከቆየች በኋላ ነው። ጫጩቶቹ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ለመውጣት የሚያበቃ ክንፍ እስኪያወጡ ድረስ የሚያድሩት መሬት ላይ ነው።

በመራቢያ ወቅት ማደን የሚያስከትለው ጉዳት

በሰሜን አሜሪካ የዱር ተርኪ የሚታደንበት አንዱ ወቅት ጸደይ ነው። በዚያ ወቅት የሚፈቀደው በመሠረቱ ተባዕቱን ማደን ሲሆን፣ በርካታ ግዛቶች አደኑ እኩለ ቀን ላይ እንዲቆም፣ በዛፍ ላይ ያደረ ወፍም እንዳይተኮስበት ይደነግጋሉ። ይህ አሠራር የሚቻለው ተባዕቱ ተርኪ በመልክ ከእንስቷ በግልጽ ስለሚለይና ጫጩት በማሳደግ ረገድ ድርሻ ስለሌለው ነው።

የጅግራ ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ተባዕትና እንስት ጅግራ በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ አዳኙ ከሩቅ አይቶ ሊለያቸው አይችልም። በድምፅ ግን እንስቷ ሁለት ምት ባለው ጩኸቷ ትታወቃለች። ከዚህም በላይ ተባዕቱ እንስቷ በምትለቅምበት ጊዜ ይጠብቃታል፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በማሳደግ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ስለዚህ ዝናብ ከገባ በኋላ ከጥንዶቹ አንዱን መግደል፣ የትኛውም ይሁን የትኛው፣ የዓመቱን ጫጩቶች ለሞት ያጋልጣል።

በተለይ የሚከተሉት ተግባራት መንጋን ያጠፋሉ፦

• በማደሪያ ዛፍ ላይ ሌሊት መተኮስ ወይም በብርሃን አደንዝዞ መያዝ፤
• በበጋ ብቸኛ የሆነ የውኃ ዳር ላይ ወጥመድ መዘርጋት፤
• ከጎጆ እንቁላል መሰብሰብ፤
• ዝናብ ከጀመረ በኋላ ሣር ማቃጠል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እርሱን ለማስፈጸም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163/2000 አደን በፈቃድ ብቻ እንዲካሄድ አድርገዋል። ተገልጋዮች የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያስተውሉ ይመከራል፦

1. ጅግራ በደጅ የሚታይ ወፍ ቢሆንም የዱር እንስሳ ነው። ብዛቱ ወይም ለመኖሪያ መንደር መቅረቡ ያለ ፈቃድ ለማደን ምክንያት አይሆንም።
2. በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ማደን የተከለከለ ነው። በባሮና በጊሎ ወንዞች መካከል የሚገኘው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ስላለው፣ አንድ ስፍራ በፓርኩ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።
3. የጦር መሣሪያ ፈቃድና የአደን ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሰጠ ፈቃድ መያዝ የማደን መብት አያስገኝም።
4. ያለ ፈቃድ የታደነ የዱር እንስሳንም ሆነ ውጤቱን ይዞ መገኘት፣ ማጓጓዝና መሸጥ ተጠያቂነትን ያስከትላል።

ለአርሶ አደሮች

ጅግራ በቆሎና ማሽላ በተዘራበት ሰሞን ዘሩን ጭሮ ሊያወጣ ይችላል። በሌላ በኩል ለሰብል ጠንቅ የሆኑ አንበጣዎችንና ሌሎች ነፍሳትን ስለሚለቅም ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ጉዳቱን ለመቀነስ የሚከተሉት ይመከራሉ፦

• ዘርን በሚገባ አፈር ማልበስና በማሳው ወለል ላይ የተበተነ ዘር አለመተው፤
• ከመዝራት እስከ ቡቃያው መጠንከር ባሉት ቀናት ማሳውን በተለይ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት እና ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ መጠበቅ። በእኩለ ቀን ጅግሮች ጥላ ውስጥ ስለሚሆኑ ጠባቂው ሊያርፍ ይችላል፤
• ወፎቹን በጩኸት ወይም በውሻ ማባረር። የተመረዘ ዘር መበተን ግን ከጅግራ አልፎ የቤት ዶሮን፣ ከብትንና ሰውን ለጉዳት ስለሚዳርግ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ጉዳቱ ከአቅም በላይ ሲሆን አርሶ አደሩ በራሱ እርምጃ ከመውሰድ ይልቅ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሊያመለክት ይገባል።

ሞተው የተገኙ ወፎች

ጅግራ ፈንግልን በመሳሰሉ የዶሮ በሽታዎች ሊጠቃ ይችላል። በአንድ ስፍራ ሞተው የተገኙ በርከት ያሉ ጅግሮችን በባዶ እጅ መንካት፣ ለምግብ ማዋል ወይም ወደ ቤት ዶሮዎች ማቅረብ አይገባም። ወዲያውኑ በአቅራቢያው ለሚገኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አገልግሎት ለማግኘት

የአደን ፈቃድ ጥያቄ ያላቸው ተገልጋዮች ከማናቸውም ዝግጅት በፊት ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በክልሉ የዱር እንስሳትን ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ ቀርበው፣ ሊታደን የሚችለውን ዝርያ፣ ስፍራውን፣ ወቅቱንና ክፍያውን በተመለከተ በወቅቱ የሚሠራበትን መመሪያ እንዲጠይቁ ይመከራል። ሕገ ወጥ አደን ሲያጋጥም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ለቀበሌው አስተዳደር ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ የማንኛውም ዜጋ ኃላፊነት ነው። ጥቆማ በሚሰጥበት ጊዜ ስፍራው፣ ቀኑና ሰዓቱ ቢገለጽ ለክትትል ያመቻል። ጠቋሚው ከአዳኙ ጋር ከመጋፈጥ እንዲቆጠብ ይመከራል።

ጅግሮችን ለማየት ለሚፈልጉ ጎብኚዎች ምቹ የሚሆነው ማለዳ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። በማደሪያ ዛፋቸው ሥር መቆም ወይም መብራት ማብራት መንጋው ስፍራውን ጥሎ እንዲሄድ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ርቀትን ጠብቆ መመልከት ይገባል።