ስለ ቤት ውስጥ ሲኒማና ስለ ትንሿ ኮምፒዩተር በጋይንት፤ በስማዳና በእስቴ

የዚህ ጽሑፍ አርእስት ለታሪክ ተማሪ የማይገባ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። የቤተ መንግሥት ዜና፤ የጦርነት ውሎ፤ የገዳማት ታሪክ ሲጻፍ እንጂ፤ በሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ሥር የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሣጥን የምርምር አርእስት ስትሆን አልተለመደም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደ መረጠና ለምን እንደ መረጠው ማወቅ የኑሮውን ታሪክ ማወቅ ነው። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች፤ ማለት በላይና በታች ጋይንት፤ በስማዳና በእስቴ፤ የቤት ውስጥ ሲኒማ በምን መንገድ እንደ መጣ፤ ዛሬም ለዚሁ ሥራ ኮምፒዩተር ልግዛ የሚል ሰው ምን መመርመር እንደሚገባው ለመጻፍ አሰብሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በዚህ አገር ስለ መሣሪያ ክብደት የሚናገር ሰው ሴባስቶፖልን ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም። ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ይህ መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ እስኪደርስ ድረስ መንገድ እየተጠረገለት፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፤ በጋይንት ደጋ በኩል ያለፈው ወራት ፈጅቶ ነው። ዛሬ በዚያ ደጋ ላይ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልዲያ መንገድ ያልፋል፤ ለነፋስ መውጫ ሱቆች የሚመጣው ዕቃም የሚደርሰው በዚሁ ነው። አሁን የምንነጋገርባት ኮምፒዩተር ግን በመንገደኛ ኮት ኪስ ውስጥ የምትገባ ናት።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ በበጎ ዓይን አልተቀበለውም። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን የሲኒማ አዳራሽ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሲሆን፤ ያን ጊዜ ሥርጭቱ ከዋና ከተማው አካባቢ የሚያልፍ አልነበረም። ባለ ቀለም ሥዕል የመጣውም ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲከበር ነው። በገጠር ከተሞች ለብዙ ወጣት የመጀመሪያው ሲኒማ «ቪዲዮ ቤት» ነበር። የጃፓኑ ጄ ቪ ሲ ኩባንያ በ1969 ዓ.ም. ያወጣው የቪ ኤች ኤስ ካሴት፤ አንድ ቴሌቪዥን፤ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፤ መስኮት የሚጋርድ ጨርቅ፤ መብራት በሌለበትም ከግድግዳው ውጭ የሚያጓራ ጄኔሬተር፤ ቪዲዮ ቤት ይኸው ነበር። ቀጥሎ ቪ ሲ ዲ፤ ከዚያም ዲ ቪ ዲ መጡና ሲኒማው ከኪራይ ቤቱ ወደየሳሎኑ ገባ።

ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ የታሰበው በውጭ አገርም ዘግይቶ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ትልቅ የብረት ሣጥን ነበረ። በ1994 ዓ.ም. የታይዋኑ ቪያ ኩባንያ ስፋቱም ርዝመቱም 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነውን የሚኒ አይ ቲ ኤክስ ሰሌዳ አሳየ። በ1995 ማይክሮሶፍት ሚዲያ ሴንተር የተባለውን የዊንዶውስ ዓይነት ለሳሎን አወጣ፤ በ1997 ጥር ወር ደግሞ አፕል 16.5 ሳንቲ ሜትር በ16.5 የሆነችውን ማክ ሚኒ ለገበያ አቀረበ። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ከባንክ ካርድ እምብዛም የማትበልጠው ራስበሪ ፓይ በ35 ዶላር መሸጥ ስትጀምር ነገሩ ለድኻም ደረሰ። ኢንቴል በ2005 ዓ.ም. ገደማ የጀመረውን ኑክ የተባለ ትንሽ ኮምፒዩተር በሐምሌ 2015 ትቶ ለአሱስ አስረከበ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት የወጣው ኤን 100 የተባለው የኢንቴል ቺፕ ዛሬ በብዙ ርካሽ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይገኛል። ከፕሮግራሞቹ መካከል የማይክሮሶፍቱ ሚዲያ ሴንተር በ2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ቀረ። ለኤክስ ቦክስ መጫወቻ ተብሎ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራውና ከ2006 ጀምሮ ኮዲ የሚባለው ግን እስከ ዛሬ አለ፤ በነጻ ይገኛል፤ የአማርኛ ትርጉምም አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ወደ ጸጥታ እንግባ። ኮምፒዩተር የሚጮኸው ስለሚሞቅ ነው። የ1996 ዓ.ም. የፔንቲየም 4 ቺፖች እስከ 115 ዋት ሙቀት ያወጡ ስለ ነበር ያለ ብርቱ ማራገቢያ አንድ ሰዓት አይቆዩም ነበር። የማራገቢያ ጠባይ ደግሞ እንዲህ ነው፤ የመዞሪያ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ብቻ ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። ትልቅ ማራገቢያ በዝግታ ሲዞር ከትንሽ ፈጣን ማራገቢያ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ትንሽ ነው ተብሎ የተገዛ ኮምፒዩተርም አንዳንድ ጊዜ ከትልቁ የባሰ የሚያፏጨው ለዚሁ ነው። በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አዳራሽ ፊልም የሚታይበት አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረ፤ ተዋናዮቹ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ እኛ የምንሰማው ማራገቢያውን ነበር።

ጉዳዩ በጋይንት ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የቤተ ልሔም አገር ናት፤ ዜማ በጆሮ የሚመረመርባት፤ ደቀ መዝሙር አንዲት ድምፅ ቢያሳስት መምህሩ የሚመልሱባት አገር ማለት ነው። በዚህ አገር ቤት ውስጥ የሚታየው የውጭ ፊልም ብቻ አይደለም፤ የንግሥ በዓል ቅጂ፤ የሠርግ ቪዲዮ፤ ወረብና ማሕሌት በፍላሽ ተጭኖ ይታያል። የጽናጽል ድምፅ ከመጥፋቱ በፊት ያለችውን ቀጭን ማለቂያ በማራገቢያ ጩኸት መሸፈን ነውር ነው።

የቦታው ከፍታም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በነፋስ መውጫ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም ችሎታው ያነሰ ስለ ሆነ ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ፈጥኖ መዞር አለበት፤ እርግጥ ነው፤ የደጋው ብርድ ከጉዳቱ ጥቂቱን ይመልሳል። ከዚህ የሚብሰው የሃርድ ዲስክ ነገር ነው። በውስጡ የሚዞረውን ሳሕን የምታነበው ራስ በቀጭን አየር ላይ ተንሳፋ ነው የምትሠራው፤ ስለዚህም የብዙዎቹ ፋብሪካዎች መመሪያ የሚፈቅደው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። እንግዲህ የነፋስ መውጫ ሰው የሚዞር ሃርድ ዲስክ ሲገዛ ሠሪው ዋስ ከሚሆንበት ወሰን ጥቂት ሜትር አልፎ መግዛቱ ነው። ሁሉም ይሰበራል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሚዞር ነገር የሌለበት ኤስ ኤስ ዲ እያለ በዚህ መከራከር ምን ይጠቅማል? በዚህ ላይ የኩበት ጭስና የበጋ አቧራ አለ፤ ማራገቢያ ያለው ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ እየሳበ ወደ ውስጡ ያስገባል።

ከላይ የተባለውን ሁሉ ሳንጽፍ ሳንመራመር ሕዝቡ ቀድሞ መልሱን አግኝቶ ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይህ ነው። በእነዚህ ወረዳዎች ወደ ሳሎን የገባው የመጀመሪያው ትንሽና ድምፅ አልባ ኮምፒዩተር ማንም ኮምፒዩተር ብሎ ያልጠራው የዲሽ ሪሲቨር ነው። ቺፕ አለው፤ ማስታወሻ አለው፤ ፕሮግራም ይጫንበታል፤ ፍላሽ ቢሰኩበት ፊልም ያጫውታል፤ ማራገቢያ ግን የለውም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በናይልሳት የውጭ ድራማ በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር የሪሲቨር ፍላጎት ይበልጥ ጨመረ፤ ከ2012 ወዲህ ጣቢያዎቹ ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩም ወደ ምዕራብ ይመለከት የነበረው ሳሕን ወደ ምሥራቅ ዞረ። ሪሲቨሩን የመረጠው ሰው ስለ ዴሲቤል አላሰበም፤ ያሰበው ስለ ዋጋና ስለ መብራት ነው። ጸጥታው በምርቃት መጣ።

ስለ መብራት ካነሣን አንድ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። መስመር ባልደረሰባቸው በስማዳ ቀበሌዎች ቴሌቪዥን የሚሠራው በሶላርና በባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልት፤ 50 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 300 ይቀርልናል። ባለ 12 ቮልት ቴሌቪዥን 30 ዋት ቢበላና ከ100 ዋት የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ጋር ቢሠራ፤ የኢንቨርተሩን ኪሣራ ሳንቈጥር እንኳ፤ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ያልቃል፤ ማለት አንድ ፊልም። ቺፑ ለ6 ዋት የተሠራው የኤን 100 ኮምፒዩተር ፊልም ሲያሳይ 10 ዋት ገደማ ቢፈልግ ግን 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከእነዚህ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በቀጥታ 12 ቮልት ስለሚቀበሉ ኢንቨርተር አያስፈልግም። ሲገዙ ከመሙያው ላይ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ የሚገባው ለዚህ ነው።

ራስበሪ ፓይን የሚያወድሱ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ዋጋዋን አልንቅም። ነገር ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ ፕሮግራሙን የያዘው ሚሞሪ ካርድ የመበላሸት ጠባይ አለው፤ በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ መብራት ሳያስጠነቅቅ መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ለተማሪና ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚሻለው ብዙ ጊዜ የሚናቀው ነው፤ ስክሪኑ የተሰበረ፤ ባትሪው ግን ደኅና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይሸከመዋል፤ በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ ሃርድ ዲስኩ በኤስ ኤስ ዲ ይለወጣል። ማራገቢያ አለው፤ ይሁን እንጂ ፊልም ለማሳየት ብቻ ሲሠራ ብዙ አይጮኽም። ከመግዛት በፊት ግን አንድ ፊልም ሩብ ሰዓት ያህል አሳይቶ ጆሮን አስጠግቶ ማዳመጥ ይገባል፤ ሻጭ ሁሉ «ድምፅ የለውም» ማለቱ አይቀርምና።

ፊልሙ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር ጊዜው አልፎበታል፤ ከኢንተርኔት ይመጣልና። እዚህ ግን አላለፈበትም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ያገለገለው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፊልምና ዜማ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔትን ብቻ ተማምነው የተሠሩትን ትንንሽ የቴሌቪዥን ሣጥኖች መግዛት ለዚህ አገር ደካማ ምርጫ ነው፤ ቢያንስ የ256 ጊጋ ባይት ማስቀመጫና ሁለት የፍላሽ መሰኪያ ያለው ይመረጣል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፤ በነሐሴ 2013፤ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከየቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ንብረት ተዘርፏል። የሠርግና የለቅሶ ቅጂ በአንድ ማሽን ውስጥ ብቻ ላስቀመጠ ቤተ ሰብ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም፤ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዘመድ ቤት ማኖር ከኮምፒዩተሩ ምርጫ የሚቀድም ነው።

ሁሉ ሰው ስልክ ይዞ ሳለ ይህ ሁሉ ለምን ይባል ይሆናል። ስልክ አንድ ሰው ያያል፤ የቤት ሲኒማ ግን አያትና የልጅ ልጅ አንድነት የሚያዩት ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

የቀረው የቦታ ነገር ነው። ከደጋው ወርደን ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚያዘነብለው የስማዳ ቆላ ስንደርስ ብርዱ አይረዳንም። ማራገቢያ የሌለው ኮምፒዩተር የሚቀዘቅዘው በገዛ ቆዳው ነው፤ ብረቱ ሙቀቱን ተቀብሎ ለአየር ይሰጣል፤ ሲነኩት ትኵስ መሆኑም ጤንነቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም። በብዙ ቤት ግን በቴሌቪዥኑና በሪሲቨሩ ላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ማልበስ ልማድ ነው። ሪሲቨሩ ሥራው ቀላል ስለ ሆነ ይህን ችሎ ኖሯል። ኮምፒዩተሩ ግን ዳንቴል ለብሶ ከሞቀ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሥዕሉም እየተቆራረጠ ይሄዳል። ስለዚህ ዳንቴሉ ለቴሌቪዥኑ ይተውለት፤ ኮምፒዩተሩ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ራቁቱን ይቀመጥ።