ዝምታም ይመዘገባል

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት፣ 2 ሰዓት አለፍ እንዳለ አዲስ አበባ ተንቀጠቀጠች። ኮተቤም እንደሌላው ሰፈር ንዝረቱ ደረሰው፤ ይበልጥ የተሰማው ፎቅ ላይ ላለው ሰው ነበር። መነሻው በስተምሥራቅ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ፈንታሌ አካባቢ ነው።

ይህን ርቀት ሞገዱ የሚጨርሰው ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ቀዳሚው ሞገድ ድንጋዩን እየገፋና እየሳበ ይመጣል። ከሰከንዶች በኋላ ሁለተኛው ይከተላል፤ እሱ ወደ ጎን ያወዛውዛል። በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ የለካ ባለሙያ የመነሻውን ርቀት ያውቃል።

ለሩቅ ርዕደ መሬት ግን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1906 በሕንድ ያገለገለው ጂኦሎጂስት ሪቻርድ ኦልድሃም የሞገዶችን መዘግየት አጥንቶ፣ ምድር ከተቀረው አካሏ የተለየ እምብርት እንዳላት አሳየ። እምብርቱ ውጫዊ ክፍሉ ፈሳሽ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ቀዳሚው ሞገድ እዚያ ሲገባ ፍጥነቱ ቀንሶ ይታጠፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። በዚህ የተነሳ ከመነሻው ከ11,500 እስከ 15,500 ኪሎ ሜትር ግድም ባለው ቀለበት ውስጥ ቀጥተኛ ሞገድ አይደርስም። ይህ የጥላ ቀጠና ይባላል።

ዴንማርካዊቷ ኢንገ ሌማን ግን የ1929ኙን የኒው ዚላንድ ርዕደ መሬት ስትመረምር፣ ጥላው ውስጥ መኖር ያልነበረባቸው ደካማ ሞገዶች አገኘች። በ1936 እምብርቱ ውስጥ ሌላ እምብርት አለ ስትል አሳተመች። ዛሬ ጠጣር መሆኑን እናውቃለን።

ኒው ዚላንድ ከአዲስ አበባ ሲታይም በዚሁ ጥላ ውስጥ ይወድቃል። ያኔ ግን እዚህ የሚመዘግብ መሣሪያ አልነበረም። መሣሪያ በሌለበት ጥላውም ብርሃኑም አንድ ነው።

ኦልድሃም ጽሑፉን ባወጣበት ዓመት፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በስምጥ ሸለቆው የተነሳ ከባድ ርዕደ መሬት አዲስ አበባን አናውጦ ነበር። ልኬቱ የተያዘው በውጭ አገር መሣሪያዎች ነው። ለከተማዋ የቀራት የዓይን ምስክር ብቻ ነበር።

ይህ የተለወጠው በ1950 ዓ.ም. ግድም፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ቺሊ በ9.5፣ በ1964 ደግሞ አላስካ በ9.2 ተመቱ፤ በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ሁለቱ ታላላቆች ናቸው። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ ማለትም ጥላ ውስጥ ነበርን። ወደዚህ የሚመጣው የእምብርቱን ጠርዝ ታክኮ ወይም በምድር ገጽ ዞሮ የሚደርሰው ሞገድ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ጣቢያ የሚያየው ብቻ ሳይሆን የማያየውም ዋጋ አለው።

አባ ጉዋን ግን በመሣሪያው ብቻ አልረኩም። ዜና መዋዕሉን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና ደብዳቤውን ለቅመው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ አሳተሙ። የ1898ቱን ንዝረት ዛሬ የምናውቀው አንድ ሰው ስለጻፈው ነው።

የኮተቤው ምሽትም እንዲሁ ነው። መሣሪያው ሞገዱን ይዟል፤ የቱ ቤት እንደተሰነጠቀ፣ በስንተኛ ፎቅ ምን እንደተሰማ ግን አይነግረንም። ያንን መጻፍ የነዋሪው ድርሻ ነው፤ ካልተጻፈ ለቀጣዩ ትውልድ ያው ጥላ ነው።