መስመር፤ በስልክና በፖለቲካ

እንግሊዞች «ፓርቲ ላይን» የሚሉት ነገር ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የስልክ ነው፤ ብዙ ቤቶች በአንድ ሽቦ የሚገናኙበት የጋራ መስመር። ሁለተኛው የፖለቲካ ነው፤ አንድ ፓርቲ አባሎቹ ሁሉ እንዲይዙት የሚያዘው አቋም። እኛ ዘንድ ሁለቱም «መስመር» በሚል አንድ ቃል ያድራሉ።

ቃሉ ግን ከሽቦም ከፓርቲም ይቀድማል። ከገሳይ ማዶ፣ ድጓ በሚመሰከርበት በጋይንት አገር፣ ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ ሳያሰምር ፊደል አይጥልም። ማስመሪያ ያልነው ከዚሁ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ሲዘረጋ ቃሉ ወደ ስልክ ተሻገረ። በአሜሪካ ገጠር የጋራው መስመር እንዲህ ይሠራ ነበር፤ አንድ ረጅም ደወል ለእገሌ ቤት፣ ሁለት አጭር ለእገሊት። ጎረቤት እጀታውን ቀስ አድርጎ ቢያነሳ የሰው ወሬ ሁሉ ይሰማል። በእኛ አገር የጋራ መስመር ማለት የቴሌ ቤቱ ነበር። ተሰልፎ፣ ተራ ጠብቆ፣ ከዚያ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» እየተባለ ሲጮኽ የልጅ መታመሙንም የበሬ መሸጡንም ሰልፈኛው ሁሉ አብሮ ይሰማ ነበር። ኧረ ምስጢር የት ተገኝቶ!

ወደ ፖለቲካው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው ዓምዱ ላይ መኢሶንና ኢሕአፓ ተከራከሩ። አንዱ ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ» ይሰጥ አለ፤ ሌላው «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» አሁኑኑ አለ። ሁለቱም ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ነበር፤ ማርክስና ሌኒን። «ትክክለኛው መስመር» ግን አንድ ብቻ ስለሆነ የተቀረው አድኃሪ ወይም ባንዳ መባል ነበረበት። የሌኒን ፓርቲ ራሱ በ1921 እ.ኤ.አ. በአሥረኛው ጉባኤው ውስጣዊ ቡድኖችን ከልክሏል። የእኛዎቹም «አንጃ» የሚል ቃል አገኙለት። በኢሕአፓ ውስጥ ብርሃነ መስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ የከተማውን የትጥቅ ትግል ስለተቃወሙ አንጃ ተባሉ፤ ጌታቸው በ1969 ዓ.ም. በገዛ ድርጅቱ እጅ ሳለ ተገደለ። ብርሃነ መስቀልን ደርግ ገደለው። የመኢሶኑን ኃይሌ ፊዳንም እንዲሁ። ከሦስቱ መስመር የትኛው ትክክል ነበር ብሎ መጠየቅ ዛሬም ያጣላል፤ እኛ ግን የሚያሳዝነን በጋዜጣ ዓምድ የተጀመረ ክርክር እስከ መቃብር መድረሱ ነው።

ቃሉ ከደርግ ጋር አልወደቀም። ኢሕአዴግም «መስመራችን» ይል ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ሲሰነጠቅም ሁለቱ ወገኖች መስመር ስታችኋል እየተባባሉ ነው የተለያዩት። ያኔም የተሸነፈው ወገን መስመሩን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ሥልጣኑንም ነው፤ እስር ቤት የገባም ነበረ።

ስልኩስ? ሞባይል ከመጣ ወዲህ «መስመር የለም» የሚል ሰው እየጠፋ ነው፤ ሰው «ኔትወርክ የለም» ማለት ለምዷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገበሬውም ተማሪውም ያለው ይህንኑ ነበር።