የጎመኑ ምንቸት

ደብረ ታቦር በታሪክ መጻሕፍት የምትነሣው በራሶችና በመድፍ ነው። ራስ ጉግሣ እንደቈረቈሯት፣ ራስ ዓሊ እንደገዙባት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አጠገቧ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን እንዳሠሩና በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለው እንደሄዱ ይተረካል። ያ ሁሉ ሠራዊት ሲመላለስ የፋርጣና የጋይንት ገበሬ ምን በልቶ እንደከረመ ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊው አይነግረንም፤ እሱ የሚበላው ከግብር አዳራሽ ነበርና። መልሱን ከቤት ጀርባ፣ ከጓሮ ብንፈልገው እናገኘዋለን ባይ ነኝ። ጓሮ ቤተሰብን ዓመቱን ሙሉ ያጠግባል ማለቴ አይደለም። ማሳው የሚከዳበት ወርና ምክንያት ጓሮው ከሚከዳበት ይለያል፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ወሩን እንይ። በጉና ተራራ ዙሪያ መኸሩ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በደኅናው ዓመት እንኳ ጎተራው ሰኔ ላይ ይሳሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሥራው የሚከብድበት፣ እህሉ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። በግንቦት ዝናብ የተዘራ ጎመን ግን ክረምቱ ሳይጠና ይደርሳል። ባለቤቲቱ ከታች ያለውን ሰፊ ቅጠል ብቻ ትቀነጥባለች፤ አናቱን አትነካውም። በሳምንቱ ብትመለስ ያው ተክል ሌላ ቅጠል ይዞ ይጠብቃታል። ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል ተደርጎበት፣ ካለም እፍኝ የገብስ ዱቄት ሲነሰነስበት ጥቂቱ እህል ብዙ አፍ ይደርሳል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ጾሙና እጦቱ ከአንድ ገበታ ይቀርባሉ። የጾመውም የቸገረውም ጎመን ስለሚበላ፣ ማን ጾሞ ማን ቸግሮት እንደሆነ ጎረቤት አይለይም። ይህ ለገመና ትልቅ መሸፈኛ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ወደ ክፉ ቀን እንመለስ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት ፈጀው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከታትለው መጡ፤ ረሃቡም እስከ 1885 ዓ.ም. ግድም ዘለቀ። ልብ ማለት የሚገባን፣ ያን ጊዜ በብዙ ቦታ መሬቱ ጦም ያደረው በሬ ስለጠፋም ጭምር መሆኑን ነው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ መኳንንቱን ያበረታቱ እንደነበር ተጽፏል። ይህ ሲነገር እንደ አዲስ ነገር ነው፤ በዶማ የሚለማ መሬት ግን በየቤቱ ጀርባ ድሮም ነበረ። ጓሮ በሬ አይጠይቅም፣ ሞፈርና ቀንበር አይጠይቅም፤ ለዚህም ነው በሴትና በልጅ እጅ የኖረው።

እንግዲያው ያ ሁሉ ሰው ለምን አለቀ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ በዋዛ የሚታለፍም አይደለም። ዝናብ ከቀረ ጎመኑም ይጠወልጋል። ጓሮን የሚያወፍረው የከብት እበት ስለሆነ የበሬው ሞት እዚያም መድረሱ አይቀርም። ጓሮ ረሃብን ያቆማል የሚል ካለ ተሳስቷል። ጓሮ የሚያደርገው ቀን መግዛት ነው፤ በክረምት አጋማሽ የሚገዛ አንድ ወር ደግሞ የዘር እህሉን ከመብላት ያድናል። ዘሩን የበላ ቤት ለከርሞም ተርቧል።

ሕዝቡ ከዚያ መከራ በኋላ የመረጠው ተክልም ይህንኑ ይመሰክራል። ድንችን በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ነው፤ ሰውየው በ1860 መቅደላ ላይ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ገበሬው ግን ድንቹን ለብዙ ዓመት ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ በሰፊው የተቀበለው ከክፉ ቀን ወዲህ ነው። ዛሬ ደቡብ ጎንደር የታወቀ የድንች አገር ነው። በበልግ የተተከለው ጎተራው ሲራቆት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ ይቆፈራል፤ ለዕለቱ የሚበቃው ወጥቶ ሌላው እዚያው አፈር ውስጥ ይቆያል። ጎተራ የሚገለብጥና ከብት የሚፈታ ዘማች አገሩ ብዙ አይቷል፤ ቆሞ ድንች የሚቆፍር ግን ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ጋይንትን አልፎ የደብረ ታቦርን ዳር ሲነካም ወሩ ያው እህል የሚያልቅበት ነሐሴ ነበር።

ማሳን በጋራ ለማድረግ የተነሣው ደርግ እንኳ ጓሮን ሙሉ በሙሉ አልደፈረም። በ1971 ዓ.ም. የአምራቾች ማኅበር መመሪያ፣ ማልባ በተባለው ደረጃ አንድ አባል እስከ 2,000 ካሬ ሜትር፣ ወልባ በተባለው እስከ 1,000 ካሬ ሜትር ለግሉ እንዲይዝ ተፈቅዶለት ነበር።

የመጨረሻው ተቃውሞ የክብር ነው፦ ጎመን የድሃ ምግብ ነው፣ ምን ታሪክ አለው ይባላል። «ጎመን በጤና» የሚለውም ብሂል ጎመንን ከሁሉ በታች አስቀምጦ የሚያጽናና ነው። ንቀቱን አልክድም፤ እንዲያውም ማስረጃዬ እሱ ነው። ሰው የማያውቀውን አይንቅም። መስከረም ጠብቶ ችቦ ሲበራ የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ እየተባለ የሚታዘዘው፣ ክረምቱን ሙሉ ምድጃው ላይ የተጣደው የጎመኑ ምንቸት ስለነበረ ነው። ደግሞም ተባረረ የተባለው ጎመን ከቤት ርቆ አይሄድም። ጥቂቱ እግር ሳይቀነጠብ ይቀራል፤ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ያፈራል፣ ይወቃል። አዲሱ እህል ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ ምጣዱ ሲሰማ ባለቤቲቱ ጨርቋን አንሥታ ምጣዱን የምታሰሰው በዚያው በጎመን ዘር ነው።