የክስታንኛ እህት የነበረች ቋንቋ

ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ከሶዶ የመጡ ዘመዶች ከባለ ሐዘኗ እናት ጋር በክስታንኛ ያወራሉ። የእሳቸው ልጅ አልፎ አልፎ ጣልቃ ይገባል። አጠገቤ የተቀመጠው የልጅ ልጅ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው?» አለኝ። ቋንቋውን እንደማላውቅ ስነግረው ሳቀ። እሱም ጥቂት ጥቂት ይሰማል እንጂ አይናገርም።

ይህን ጊዜ ጋፋትኛ ትዝ አለኝ። ጋፋት ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው ደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበትን ስፍራ ነው። ጋፋት ግን ሕዝብም ቋንቋም ነበር። ቀድሞ ከዐባይ በስተ ደቡብ፣ ኋላም ጎጃም ውስጥ በዳሞት ይነገር የነበረ ሲሆን ሊቃውንት ከአማርኛ ይልቅ ለክስታንኛ ያቀርቡታል። የለቅሶ ቤቱ እናት አንድ ጋፋት ቢያገኙ ኖሮ ሁሉንም ባይሰሙ እንኳ ዘመድነቱ አይጠፋቸውም ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 አገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በልዩ ልዩ ያገራችን ቋንቋዎች አስተርጉሞ ነበር፤ ጋፋትኛ አንዱ ነው። ከጥንቱ ጋፋትኛ የቀረልን ረዘም ያለ ጽሑፍ ይኸው ብቻ ሲሆን ዛሬ ኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ ቃላት ሊለቅም ሲሞክር ወጣቶቹ ቋንቋውን ጨርሶ እንደማያውቁት፣ እናውቃለን የሚሉት ትልልቆችም በቅጡ እንደማይችሉት ተረዳ። እንግዲህ ነገሩ ያኔም አልቆ ነበር። በ1947 ቮልፍ ሌስላው ሄዶ ስንት ቦታ ካፈላለገ በኋላ ያገኘው አራት ሰው ነው። ከእነዚሁ አራት ሰዎች የሰማውን አጥንቶ በ1956 በፈረንሳይኛ መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪ አልተገኘም።

ጋፋቶች ግን አላለቁም። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ጎጃም ውስጥ ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ፤ ነገር ግን በአማርኛ። ገበያውም ችሎቱም በአማርኛ በሆነበት አገር፣ ለልጁ የሚበጀውን ያሰበ ወላጅ የቤቱን ቋንቋ ለራሱ ብቻ ያስቀረ ይመስለኛል። በዚህ ማን ይፈርድበታል?

የብሩስ አገር ስኮትላንድም ከዚህ አላመለጠም። በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ የደጋውንና የደሴቶቹን ቋንቋ ጌሊክን ከነመኖሩም አላነሣውም፤ ልጁ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተማረ። በ2022 ቆጠራ ጌሊክ እናገራለን ያሉት 69,701 ናቸው፤ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ከሆነ ሕዝብ መካከል ማለት ነው። ዌልስኛ ሻል ይላል፤ በ2021 ቆጠራ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተናጋሪ ነበረው።

ለጋፋትኛ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ማንክስ ነው። ይህ የጌሊክ ወንድም በአየርላንድና በብሪታንያ መካከል ባለችው ማን በተባለች ትንሽ ደሴት ይነገር ነበር። ሌስላው አራቱን ጋፋቶች ባገኘበት በዚያው በ1947 የአየርላንዱ መሪ ዴ ቫሌራ ደሴቲቱን ጎብኝቶ ኔድ ማድረል ከተባለው አሣ አጥማጅ ጋር ተነጋገረ፤ በዓመቱም ባለሙያዎች ከአየርላንድ ሄደው የአዛውንቶቹን ድምፅ ቀረጹ። ኔድ በ1974 ሲሞት በማንክስ አፉን የፈታ ሰው አለቀ ተባለ። ሆኖም ከእነዚያ አዛውንቶች እግር ሥር ቁጭ ብለው የተማሩ ጥቂት የደሴቲቱ ሰዎች ነበሩ። በ2001 በማንክስ ብቻ የሚያስተምር የሕፃናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ2009 ዩኔስኮ ቋንቋው ጠፍቷል ብሎ ሲመዘግብ ተማሪዎቹ በዚያው በማንክስ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከጠፋ ታዲያ ይህን የምንጽፈው በምንድን ነው ብለው። ዩኔስኮም አሻሻለው።

ለጋፋትኛም መጽሐፍ ተጽፎለታል፤ ያውም በትልቅ ሊቅ። ያጣው ከአራቱ ሰዎች ደጃፍ ሄዶ «አስተምሩኝ» የሚል የገዛ ልጁን ነው። የጠየቃቸው የውጭ አገር ሰው ነበር።

ክስታንኛ ገና እዚያ አልደረሰም፤ ሶዶ ውስጥ ዛሬም ልጅ አፉን የሚፈታበት ቋንቋ ነው። የኮልፌው ግን ሌላ ነው፤ እኛ ሰፈር ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከድንኳኑ ስንወጣ እናት የልጅ ልጃቸውን በክስታንኛ አንድ ነገር አዘዙት። ልጁ ትንሽ አሰብ አድርጎ ሄደና ውኃ ይዞ መጣ። «እንኪ፣ እማዬ» አላቸው።