ከሸክላ ወደ ካሴት፦ ሙሉ አልበም የማድመጥ ልማድ ከጊኒር ሲታይ

አንድን የሙዚቃ አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ማድመጥ የጠባይ ወይም የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ልማዱ በአገራችን የተስፋፋው ግን በአመዛኙ ከማጫወቻው ዕቃ አሠራር የተነሣ ነው። ስለዚህም ጉዳዩ ለሙዚቃ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ለመሐንዲስም የሚተው አይደለም።

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ ላይ የተቀረጸበት የመጀመሪያው ዘመን ራሱ ከሞያችን ጋር የተዛመደ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር የተላኩት የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ሲሆን፣ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ ያስቀረጹትም በዚያው ቆይታቸው ነው። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ብቻ ስለ ነበር፣ ማሲንቆ መቺው እስኪነጋ የሚያዜመው ሁሉ ለመቀረጽ ሲቀርብ መቆረጥ ግድ ሆነበት።

ይህ ወሰን ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣንን ለአገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ይህን ደፍሮ የጣሰው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ በማውጣት ሥራውን ጀመረ። አምሃ ከአገር እስከ ወጣበት እስከ 1975 ድረስ ያሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎች 103፣ ረጃጅሞቹ ግን 12 ያህል ብቻ መሆናቸው ይነገራል። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ እየዞረ በእያንዳንዱ ገጹ አንድ ዘፈን ያሰማል። ረጅሙ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ እየዞረ በአንድ ገጹ 20 ደቂቃ ያህል ይጫወታል። እንግዲህ በዚያ ወርቃማ በሚባለው ዘመን የኢትዮጵያ ሙዚቃ በብዛት የተደመጠው በነጠላ ዘፈን እንጂ በአልበም አልነበረም።

ከጥቂቶቹ ረጃጅም ሸክላዎች መካከል ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው «ኢትዮ ጃዝ» በእኔ አስተያየት ሙሉ ሥራ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ነው። (ሙላቱም በመጀመሪያ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና ይማራል ተብሎ ነበር። ሞያችን ያጣውን ሙዚቃው አግኝቷል።) ቃል የለበትም፤ የዘፋኝ ዝና አይሸፍነውም። የአገራችን ቅኝቶች ከጃዝ ስምም ጋር ሲገናኙ የሚፈጠረው ስሜት ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ስለሚያድግ፣ አንዱን ብቻ ነጥሎ የሰማ ሰው የሐሳቡን አካሄድ አያገኘውም።

እንደ ጊኒር ያለችውን ከተማ የለወጣት ግን ካሴት ናት። ጊኒር ከሮቤ በስተ ምሥራቅ በጎሮ በኩል የሚደረስባት፣ ደገኛውና ቆለኛው በገበያ የሚገናኙባት፣ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻና ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚያልፍ ተጓዥ የሚያርፍባት ጥንታዊ ከተማ ናት። የሸክላ ማጫወቻ ኮረንቲ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ ያቀረበው ካሴት ግን በበቅሎ ጭነት ላይም ሆነ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ይሠራል። የመልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1988 በ153 ሜጋዋት አቅም ሥራ ቢጀምርም፣ የባሌ ገጠር ከባትሪ ድንጋይ ለመላቀቅ ገና ብዙ ዓመታት ቀርተውት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንድረስ። የካሴት ክር ስፋቱ 3.81 ሚሊሜትር ነው። በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ስለሚጓዝ፣ የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 86 ሜትር ያህል ክር ይይዛል ማለት ነው። የሚፈልጉት ዘፈን ከዚህ መካከል የት እንዳለ የሚያመለክት ምንም ነገር የለም። ወደ ፊት ማስሮጥ ወይም ወደ ኋላ መጠምጠም ድንጋይ ይጨርሳል፤ ድንጋዩን የሚቆጥብ ሰው በእስክሪፕቶ እያሽከረከረ ይጠመጥም እንደ ነበር በዕድሜ እኩዮቼ የሆኑ ሁሉ ያስታውሳሉ። ስለዚህ የሚቀለው ከመጀመሪያው አስጀምሮ መተው ነው። የማይወዱት ሦስተኛ ዘፈን በግድ ይደመጣል፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ከሁሉ የሚወደደው እሱው ሆኖ ይገኛል። ድንጋዩ ሲደክም የሞተሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በመቶ 6 ያህል ሲቀንስ ድምፁ በግማሽ ቃና ይወርዳል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድንጋይ ጥቂት ነፍስ ይዘራና ዘፋኙ ወደ ቃናው ይመለሳል።

ይህ ማለት ግን ረጅም ማድመጥ ከካሴት ጋር መጣ ማለት አይደለም። ለሼህ ሁሴን የሚዜመው ባህሮ እየተቀባበሉ የሚያዘልቁት ምስጋና ነው፤ መንዙማም ቢሆን በሦስት ደቂቃ አይወሰንም። በባሌ ሸክላ ያላስለመደው ጆሮ ስለ ነበር ካሴት ሲመጣ ያገኘው የተዘጋጀ አድማጭ ነው።

አዘጋጆቹም ይህን አድማጭ ሳያውቁት አልቀሩም። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውንና ካይፋ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመውን «ኧረ መላ መላ» ልብ ብሎ የሰማ ሰው፣ አንድ ባንድ አንድ ልብ ሆኖ ሲጫወት የሚገኘውን አንድነት ያስተውላል። የዚህ ባንድ አባላት እነ ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ስዩም በኋላ በሮሃ ባንድ ስም የብዙ ዘፋኞችን ካሴቶች ሠርተዋል። ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው። ከመጀመሪያው ለካሴት የተሠራ ስለሆነ እንደ ስሙ መንገድ ነው፤ አይቸኩልም፤ ኦርጋኑና የነፋስ መሣሪያዎቹ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ተቀብሎ ይቀጥላል። ከጊኒር ወደ ሮቤ በመኪና ሲጓዙ ቢያደምጡት ከመንገዱ ጋር ይስማማል።

ከዓሊ ቢራ ካሴቶች ውጭ የጊኒርን ቤት ማሰብ አይቻልም። ዓሊ በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ የተነሣ፣ ቅጽል ስሙን ከራሱ ዘፈን ያገኘና እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈ የኦሮምኛ ሙዚቃ አባት ነው። የእሱን ካሴት የሚያስተሳስረው የድምፁ እርጋታ ነው፤ የፍቅሩን ዘፈን ከአገር ናፍቆቱ ነጥሎ የሰማ ሰው ግማሽ ዓሊን ሰምቷል። እርግጥ ነው፣ በካሴት የወጣ ሁሉ አልበም አይደለም። ሁለት ጥሩ ዘፈን ይዞ ስምንቱን በመሙያ የጨረሰ ካሴት ቁጥሩ ቀላል አልነበረም።

ከሲዲ በኋላ የመጣው ሜሞሪ ካርድ ይህን ሁሉ በታተነው። ዛሬ አንድ ሺህ ዘፈን የምታህል ነገር ከጥፍር አትበልጥም፤ ዘፈኖቹ ግን በፊደል ተራ ወይም ያለ ተራ የተቀመጡ ናቸው፤ የአቀናባሪው ስምም ሆነ የዓመቱ ቁጥር አብሮ አይገለበጥም። ካሴቶቹም እየሞቱ ነው። መግነጢሳዊው ዱቄት ከክሩ ይራገፋል፤ በአንዱ ጥምጥም ላይ ያለው ድምፅ በሚቀጥለው ላይ እንደ ጥላ ያርፋል፤ የጭረቱ ማሰሪያ ሙጫም ይለቃል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ እንደገና ታትሞ ኃይሉ መርጊያን ወደ ዓለም መድረክ የመለሰው የ1985 ሥራው መነሻ፣ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ በባሕር ዳር ከተማ ያገኘው አሮጌ ካሴት ነበር። በዚያን ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይተዳደር ነበር። በጊኒር፣ በጎባና በሮቤ ቤቶች ቁም ሣጥን ላይ በፌስታል የታሰሩ እንደዚህ ያሉ ካሴቶች ዛሬም አሉ። እነርሱን ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ለሚነሣ የሞያ ባልደረባ የምለው ይህን ነው፦ የማጫወቻውን ራስ በአልኮል ይጥረግ፤ የራሱን ቀጥታ ከክሩ ጋር በትንሿ ቡለን ያስተካክል፤ በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ካሴት ከሆነ ፍጥነቱን በሚታወቅ መሣሪያ ቃና ይለካ፤ ከሁሉም በላይ ዘፈን ከዘፈን ሳይቆራርጥ፣ በመካከል ያለውን ዝምታ ሳያጠፋ፣ እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ በአንድ ፋይል ያስቀምጥ፤ የሽፋኑን ወረቀትም በሁለት ወገኑ ፎቶ ያንሣ።